ከክፍል ውጪ ያለው ሰዓት፦ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ የአዲስ አበባ ተማሪ ምኑን ይምረጥ?

በሀገር ውስጥ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የሚኒ ሚዲያ ሰብሳቢ መሆን፣ ጃንሜዳ ለውድድር መሰለፍ፣ የሰፈር ልጆችን ማስጠናት በዚያ ውጤት ላይ አንድ ነጥብ አይጨምርም። ስለዚህ «ክበብ ምን ያደርግልሃል፣ ደብተርህን ያዝ» የሚል ወላጅ በቂ ምክንያት አለው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ወደ አሜሪካ ኮሌጆች፣ በተለይ ለውጭ ተማሪ ሙሉ ድጋፍ ወደሚሰጡት ሲኬድ ግን አሠራሩ ይለያል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አመልካችን ሲመርጡ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም አያዩም፤ ለተቀበሉትም ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወጪ ይሸፍናሉ። በዚህ የተነሳ ከመላው ዓለም የክፍሉ አንደኛ የሆነ ሁሉ እዚያ ያመለክታል። አመልካቹ ሁሉ ጎበዝ ሲሆን ማርክ ብቻውን አይለይም። መራጮቹ የሚጠይቁት «ይህ ልጅ ትርፍ ሰዓቱን ምን ላይ አዋለው? እሱ ባይኖር ምን ይጎድል ነበር?» ብለው ነው።

የእኛ ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ጥቂት ነገር ምረጡ፤ ከ9ኛ፣ ቢዘገይ ከ10ኛ ክፍል ጀምራችሁ አትልቀቁት፤ የምትሠሩትም ሌላ ሰው ሊያየውና ሊመሰክርለት የሚችል ይሁን። ምርጫው ደግሞ ከራሳችሁ ቤት፣ ሰፈርና ትምህርት ቤት ቢነሳ ይሻላል።

ፎርሙ የሚጠይቀው

አብዛኞቹ ተመራጭ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት ማመልከቻ ኮመን አፕ ይባላል። በየዓመቱ ኦገስት 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 ይከፈታል። ከክፍል ውጪ ለተሠራ ሥራ 10 መስመር አለው። በእያንዳንዱ መስመር ለኃላፊነታችሁ 50 ፊደል፣ ለድርጅቱ ወይም ለክበቡ ስም 100 ፊደል፣ ለሠራችሁት ዝርዝር 150 ፊደል ይፈቀዳል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከዚያ ሥራው በስንተኛ ክፍል እንደተሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደወሰደ ይጠይቃል። ለሽልማቶች ሌላ 5 መስመር አለ። ኤምአይቲ ደግሞ የራሱ ፎርም አለው፤ እዚያ የሚዘረዘረው አራት ሥራ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ክፍል ሰርተፍኬት የሚያያዝበት ቦታ የለም። ማህተም ያለበት ወረቀት በፋይል እያጠራቀመ ሦስት ዓመት የሚያሳልፍ ተማሪ የሚጽፈው ያው 150 ፊደል ነው። አስሩንም መስመር መሙላት ግዴታ አይደለም። አምስት ጠንካራ መስመር ያለው ልጅ፣ አስር ሞልቶ ስድስቱ «ተሳትፌያለሁ» ብቻ ከሆኑበት ልጅ በተሻለ ይታያል። መስመሮቹ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ትልቁን ሥራችሁን አንደኛ አድርጉ።

ሚዛኑ ምን እንደሚመስል በከፊል በአደባባይ ታውቋል። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍርድ ቤት ሲከራከር የምርጫ መመሪያው ወጥቶ ነበር። በዚያ መመሪያ ከክፍል ውጪ ያለ ተሳትፎ በቁጥር ይመዘናል። 1 በሀገር አቀፍ ወይም በባለሙያ ደረጃ ለሠራ ነው። 2 በትምህርት ቤቱ ጉልህ አስተዋጽኦ ላለው፣ ለምሳሌ ለተማሪዎች ተወካይ ወይም ለጋዜጣ አዘጋጅ፣ 3 ደግሞ በሚገባ ለተሳተፈ ግን ለየት ያለ ነገር ለሌለው ይሰጣል። 4 ተሳትፎው ትንሽ ነው ወይም የለም ማለት ነው። ለእኛ ልጆች ዋናው ቀጥሎ ያለው ነው፤ 5 ቁጥር ከ4 የባሰ ውጤት አይደለም፣ ራሱን የቻለ ምድብ ነው። የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበት ወይም ትምህርት ላይ እያለ ሠርቶ የሚያድር ተማሪ እዚያ ይመደባል። ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ የቤተሰቡን ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ በመመሪያው ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ኮመን አፕም «የቤተሰብ ኃላፊነት» እና «የሚከፈልበት ሥራ» የሚሉ ምርጫዎች አሉት።

ይህን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ብዙዎች ለቤተሰብ በሚሠሩት ሥራ ያፍራሉ፤ ወይም ማንም የሚሠራው ነገር ስለሚመስላቸው ሳይጽፉት ይቀራሉ። እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች የምታቀርብ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። በቀን 2 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ከሠራች በሳምንት 12 ሰዓት ነው፤ በዓመት 48 ሳምንት ቢታሰብ 576 ሰዓት ይሆናል። የትምህርት ቤት ክበብ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ቢሰበሰብ፣ ፈተናና በዓል ሲቀነስ 30 ሳምንት ቢቀረው፣ በዓመት 30 ሰዓት ነው። ክበቡን አንደኛ መስመር ላይ አስቀምጦ እንጀራውን መተው ትልቁን ሥራ መደበቅ ነው። ዝርዝሩም «እናቴን እረዳለሁ» ተብሎ ባይቀር ይመረጣል፤ «በቀን 40 እንጀራ እጋግራለሁ፣ ለ4 ሱቅ አደርሳለሁ፣ የጤፍ ወጪና የሽያጭ መዝገብ እይዛለሁ» ሲባል አንባቢው ሥራውን ያየዋል። ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ለሚሠራ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን እንደሚከለክል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን እንደማይፈቅድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱን መቁጠር

ከመምረጥ በፊት ወረቀት ላይ ሒሳብ ሥሩ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 56ቱ ለእንቅልፍ፣ 40ው ለትምህርት ቤት፣ 21ዱ በቀን 3 ሰዓት ለሚደረግ ጥናት ይሄዳል። ታክሲ ወይም አውቶቡስ ተሰልፎ መመላለስ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ በአምስት ቀን 7 ሰዓት ተኩል ነው። ምግብ፣ የቤት ውስጥ ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ቤተ ዘመድ ሲቀነስ ለብዙ ልጅ በእውነት የሚተርፈው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ይህ ከሁለት ወይም ከሦስት ሥራ በላይ አይችልም።

ስለዚህ ቦታ ትልቅ ጉዳይ ነው። አራት ኪሎ የሚማር ልጅ አያት ወይም ጀሞ ሄዶ በጎ ፈቃድ ልሥራ ቢል ከሥራው የመንገዱ ሰዓት ይበልጣል፤ ኅዳር ላይ ጀምሮ ጥር ላይ ያቋርጣል። መሀል ከተማ የሚማር ተማሪ በእግሩ የሚደርስባቸው ቦታዎች ሞልተውለታል። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ በዋናው ግቢ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። ለሩጫና ለእግር ኳስ ጃንሜዳ ቅርብ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በ20 ደቂቃ የማይደረስበትን ሥራ ለክረምት ማቆየት ይሻላል።

ፎርሙ ላይ ሰዓት አታጋንኑ። ስድስት ሥራ ዘርዝሮ በእያንዳንዱ «በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት» የሞላ ልጅ በሳምንት 120 ሰዓት ሠራሁ ማለቱ ነው። አንባቢው ደምሮ ሲያይ የቀረውንም ማመን ያቆማል።

ክበብ፣ ሰፈር፣ የራስ ሥራ

የትምህርት ቤት ክበቦቻችን የታወቁ ናቸው፦ ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ የሳይንስና ሒሳብ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ፓርላማ። ብዙዎቹ በመስከረም ተመዝግበው በጥቅምት የሚቀዘቅዙ ናቸው። የቀዘቀዘ ክበብ ግን ለሚሠራ ልጅ ሰፊ ዕድል ነው፤ ተጠሪ መምህሩ አለ፣ ስሙ አለ፣ የጎደለው ሥራውን የሚይዝ ተማሪ ነው። አዲስ ክበብ ከማቋቋም የተኛን መቀስቀስ ይቀላል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤም አይፈልግም። ሚኒ ሚዲያን እንደ ምሳሌ ብንወስድ ደካማው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «በሚኒ ሚዲያ ክበብ በንቃት ተሳትፌያለሁ፤ ብዙ ልምድ ቀስሜበታለሁ።» ጠንካራው ደግሞ፦ «በሳምንት 2 የ10 ደቂቃ ዝግጅት ጽፌ አቀረብኩ፤ የሒሳብ ጥያቄና መልስ ጀመርኩ፤ 6 የ9ኛ ክፍል ልጆችን ቀረጻ አስተማርኩ።» ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ስለሚሞላ ቃላቱ ይለወጣሉ እንጂ መንገዱ ያው ነው፤ ግስ፣ ቁጥር፣ የቀረ ውጤት። «ፕሬዚዳንት» የሚለው ማዕረግ ብቻውን የሚያወራው ነገር የለም። የክበቡ ጸሐፊ ሆኖ የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ያልጎደለበት ልጅ ከስም ብቻ ሰብሳቢ የተሻለ የሚጽፈው አለው።

ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር፣ መድረሳ ማስቀራት፣ በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ሙዚቃ መምራት ራሳቸውን የቻሉ መስመሮች ናቸው፤ ፎርሙ የሃይማኖት ተሳትፎ የሚል ምድብ አለው። በሳምንት አራት ሰዓት ለስድስት ዓመት የተያዘ በገና ወይም ክራር፣ ሁለት ወር ከተሞከረ ኮዲንግ ይበልጣል።

ከሰፈር ሥራዎች ማስጠናትን እንመርጣለን፤ ውጤቱ ይለካል፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚያስፈልገውም እዚሁ ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚወስዱ 5 ወይም 6 ልጆች ይበቃሉ። ወላጆቻቸውን አነጋግሩ፤ ቦታ ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከወረዳው ወጣት ማዕከል ጠይቁ። መጀመሪያ ቀን የ20 ጥያቄ የሒሳብ ፈተና ስጡና ወረቀቱን አስቀምጡ። ከጥር እስከ ግንቦት በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል አስጠኑ። መጨረሻ ላይ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ 20 ጥያቄ ስጡ። አሁን የምትጽፉት ቁጥር አላችሁ፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ቢሆንም እውነተኛ ነው።

ይህ ሥራ የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ብዛት ነው፤ 30 ልጅ አዳራሽ ከሰበሰባችሁ የማን ችግር ክፍልፋይ ላይ፣ የማን አልጀብራ ላይ እንደሆነ አታውቁም፤ በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ይቀራል። ሁለተኛው የእናንተ ፈተና ነው፤ የሴሚስተር ፈተና ሲደርስ አስጠኚው ይጠፋል፣ ልጆቹም አይመለሱም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት አስጠኚ ሁኑ፤ የምትቀሩበትን ሳምንትም ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ። ሦስተኛው መዝገብ አለመያዝ ነው። የክፍል አቴንዳንስ የሚመስል አንድ ደብተር ይበቃል፤ ቀን፣ የመጡ ልጆች፣ የተጠናው ርዕስ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፎርም ስትሞሉ ዓመተ ምሕረት ማመሳሰል ብዙ ስሕተት ያመጣል።

ሌላው ለመማር ከምትፈልጉት ዘርፍ ጋር የሚያያዝ የራስ ሥራ ነው። ታሪክ፣ ሥነ ሕንፃ ወይም ጋዜጠኝነት የሚወድ ልጅ አሁን ፒያሳ ላይ ትልቅ ሥራ አለው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። እዚያ የኖሩ 10 አዛውንቶችን ድምፅ መቅረጽ፣ የሱቆቹንና የመንገዶቹን የቀድሞ ስም በካርታ ላይ ማስፈር፣ የቤተሰብ ፎቶ ግራፎችን በስልክ እያነሱ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ መጻፍ ይቻላል። አንድ ቃለ መጠይቅ ከ40 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ለጀማሪ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል። ከመቅረጽ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱንም ቀረጻው መጀመሪያ ላይ በድምፅ አስገቡ። ከትምህርት ቤታችሁ ማህተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አካባቢና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ካሜራ አታውጡ፤ ሥራው በዚያው ሊቆም ይችላል። ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ ለወመዘክር ማቅረብም ይቻላል። ይህ ሥራ ኮሌጅ ባይገኝበትም ለከተማዋ የሚቀር ነው፤ እንዲህ ያለውን ምርጫ ከልብ እናበረታታለን።

ገንዘብና ጊዜ የሚበሉ ስሕተቶች

ዶላር እየተከፈለባቸው በክረምት የሚሰጡ፣ የታላቅ ዩኒቨርሲቲ ስም የያዙ ፕሮግራሞች አሉ። ብዙዎቹ የሚቀበሉት መክፈል የሚችልን ሁሉ ነው፤ የኮሌጁ መራጮችም ይህን ያውቃሉ። ወላጅ ተበድሮ እንዲከፍል አንመክርም። አመልካቾችን አወዳድሮ የሚመርጥና ወጪውን ራሱ የሚሸፍን ፕሮግራም ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በ17 ዓመት «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» መባል ነው። ድርጅት ማቋቋም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት ምዝገባ ይጠይቃል። ሳይመዘገቡ በቴሌግራም ቻናል ለበጎ አድራጎት ብር መሰብሰብ፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ልጁንም ቤተሰቡንም ተጠያቂ ሊያደርግ ይችላል። ገንዘብ የሚነካ ነገር ካለ በትምህርት ቤቱ ወይም በተመዘገበ ድርጅት ሥር፣ በእነሱ ደረሰኝ ይሠራ። በክረምት ወረዳው ለሚያዘጋጀው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ለአረጋውያን ቤት እድሳትና ለችግኝ ተከላ፣ መውጣት መልካም ነው። ሆኖም አንድ ቀን ተክሎ ፎቶ መነሳት መስመር አይሞላም፤ የተከላችሁትን እስከሚቀጥለው ክረምት ውኃ አጠጥታችሁ ስንቱ እንደጸደቀ ከቆጠራችሁ ግን ይሞላል።

ወደ እንግሊዝ ለሚያስቡ ይህ ሁሉ ጠበብ ይላል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የሚያዩት ከምታጠኑት ትምህርት ጋር የተያያዘውን ነው፤ ሕክምና ለሚፈልግ በጤና ጣቢያ ያየው ነገር ከእግር ኳስ ዋንጫ ይበልጣል። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማመልከቻ በሆነው በዩካስ የሚሞላው የግል መግለጫ በድምሩ 4,000 ፊደል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2026 ከሚገቡ ተማሪዎች ጀምሮ በሦስት ጥያቄ ተከፍሏል። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችና የሕክምና ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 15፣ ጥቅምት 5 ነው፤ መስከረም ላይ ለሚነቃ ልጅ ጊዜ የለም።

ምስክርና ቀን

መስመሮቹን የሚያጸናው የመምህር ደብዳቤ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች አብዛኛውን ጊዜ ከአማካሪ አንድ፣ ከመምህራን አንድ ወይም ሁለት ይጠይቃሉ፤ አማካሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ይጽፋል። 60 ተማሪ የሚያስተምር ሰው የሁሉን ሥራ ሊያስታውስ አይችልም። በ11ኛ ክፍል ማብቂያ፣ ሰኔ ላይ፣ ከመምህሩ ዘንድ ቀርባችሁ «መምህር፣ በሚቀጥለው ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል ወይ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ፈቃደኛ ከሆነ የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ገጹ ቀንና ቁጥር ያለው ይሁን፤ ምስጋናውን እሱ ይጨምርበታል።

ቀድሞ የሚዘጋው ዙር ኖቬምበር 1፣ ጥቅምት 22 ነው፤ መደበኛው በብዙ ኮሌጆች ጃንዋሪ 1 አካባቢ፣ ታኅሣሥ 23 ገደማ ይዘጋል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው መጸው ቀኖቹ በአንድ ይዛነፋሉ። የኮመን አፕ ቀነ ገደብ በአመልካቹ አካባቢ ሰዓት ስለሆነ ለእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ እንዳይጫወቱባችሁ ከሦስት ቀን በፊት ላኩ። ለድጋፍ የሚሞላውን የገንዘብ ፎርምም አብራችሁ ጨርሱ፤ የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ከወረዳና ከመሥሪያ ቤት ለማውጣት ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ከታኅሣሥ በኋላ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አዲስ ሥራ አይጀምር። ክበቡንም ሆነ ማስጠናቱን፣ ከደብተሩና ከወላጆች ስልክ ቁጥር ጋር፣ ለ11ኛ ክፍል ልጅ ያስረክብ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አብሮት ይገኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለብሔራዊ ፈተናው ነው።